የራይን ወንዝ መቃናትና የወለሉ መጥለቅ

እኛ በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ከጓሮ አትክልቱ በታች አንድ ትንሽ ወንዝ ያልፍ ነበር። ወንዙ አትክልቱ አጠገብ ሲደርስ እንደ ማጭድ ታጥፎ ይዞርና ተመልሶ ከታች ይወጣል። በየክረምቱ ሙላቱ የማጭዱን የውጭ ዳር እየናደ ጥቂት ጥቂት የጎመን መደብ ይወስድ ነበር። አንድ ዓመት በበጋ ተማሪዎች ሁሉ አካፋና ዶማ ይዘን በመታጠፊያው አንገት ላይ ቀጥ ያለ ቦይ እንድንቈፍር ታዘዝን። ቦዩ ከጕልበት በላይ ጥልቀት አልነበረውም። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ወዶ ገባበት፤ አትክልቱም ዳነ፤ እኛም ተመሰገንን። በሦስተኛው ክረምት ግን ቦዩ ከሰው ቁመት በላይ ጠለቀ። ከቦዩ ወደ ላይ በኩል የነበረው የእግር ድልድይ ምሰሶዎቹ ሥራቸው ተበልቶ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ወደ ታች በኩል ያለው የአንድ ገበሬ የሣር መሬትም በአሸዋና በጠጠር ተሸፈነ። ገበሬው መጥቶ፦ «ወንዙን ምን አድርጋችሁ ላካችሁብኝ?» ሲል ጠየቀ። የሚመልስለት አልተገኘም።

ወደ ኮሌጅ ከገባን በኋላ ስለ አውሮፓ ታሪክና ስለ መሬት አቀማመጥ ስናነብ የዚያን ገበሬ ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ ከ200 ዓመት በፊት በአንድ ታላቅ ወንዝ ዳር ተነሥቶ እንደ ነበረ አገኘን። ወንዙ ራይን ነው። ከስዊስ ከተማ ከባዝል ጀምሮ እስከ ጀርመን ከተማ እስከ ዎርምስ ያለው ክፍል፤ እርሱም የላይኛው ራይን ክፍል የሆነው፤ ከ1817 እስከ 1876 ድረስ በሰው እጅ ተቃና። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሥራው እንዴት እንደ ተሠራና ከዚያ ወዲህ በወንዙ ወለልና ወንዙ በሚሸከመው አሸዋና ጠጠር ላይ ምን እንደ ደረሰ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ወንዙ ሳይነካ ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ራይን ከባዝል ወጥቶ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ በሁለት ልዩ ልዩ መልኮች ይሄድ ነበር። ከባዝል እስከ ስትራስቡርግ አካባቢ ድረስ መሬቱ ቁልቁለት ስለ ሆነ፤ ወንዙም ከአልፕስ ተራሮች ብዙ ጠጠር ይዞ ስለሚመጣ፤ አንድ ወንዝ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተፈታ ሹሩባ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ሜዳ ላይ ይፈስ ነበር። በቅርንጫፎቹ መካከል ከ2,000 የሚበልጡ ደሴቶች ነበሩ። አንዱ ደሴት ዘንድሮ ይታያል፤ ለከርሞ ይጠፋል። ከዚያ ወደ ታች ደግሞ ቁልቁለቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ቅርንጫፎቹ ተሰብስበው አንድ ይሆኑና ወንዙ በታላላቅ መታጠፊያዎች ወዲያና ወዲህ እየዞረ ይጓዛል። ብራይዛኽ የምትባለው በኮረብታ ላይ ያለች ጥንታዊት ከተማ፤ እርሷ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፤ ወንዙ ብቻ እየተዛወረ አንድ ጊዜ በግራው ዳር፤ አንድ ጊዜ በቀኙ ዳር፤ አንድ ጊዜም ደሴት ሆና ኖራለች።

እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ርስቱን በእርግጥ «የኔ» ብሎ ሊተማመን አይችልም። ዴተንሃይም የሚባለው መንደር ነዋሪዎች የሙላቱን መከራ መቋቋም አቅቷቸው በ1813 ቤታቸውን ትተው ከወንዙ ርቆ በተሠራላቸው በካርልስዶርፍ መንደር ሰፍረዋል። ሙላቱ ካለፈ በኋላ በሚቀረው ረግረግ ወባ ይነሣ ነበር። ራይንን ስላቃኑት ሰዎች ስንፈርድ ይህን መዘንጋት አይገባንም። ዛሬ ስለ ድሮው ወንዝ ውበት የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ወባ የያዛቸው አይመስሉም።

ሥራውን ያሰበው ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1770 በካርልስሩኸ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ እርሱንም ለዚያው ሥራ አስበውት ነበር፤ ነገር ግን የሒሳብ ችሎታው ስለ ታየ መንግሥት በወጪው አስተማረው። በሳክሶኒ፤ በሆላንድና በፓሪስ እየተዘዋወረ የውሃ ሥራ ምህንድስና ተማረ፤ በ1807ም በካርልስሩኸ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1812 ለባደን መንግሥት ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ያሰበውን ገለጸ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ እያንዳንዱ መንደር የየራሱን ዳር ለማዳን ይታገል ነበር። አንዱ ዳሩን ሲያጠናክር ውሃው ተገፍቶ ማዶ ያለውን ያፈርሳል፤ ማዶኛውም ሲያጠናክር ተመልሶ ይመጣል። ቱላ ግን ወንዙን እንደ አንድ አካል አየው። ለአንድ ወንዝ አንድ መሄጃ ይበቃዋል፤ ያም ወርዱ የታወቀ፤ በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ፤ በዳርና በዳር የተጠበቀ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። እንዲህ ከሆነ ውሃው ይፈጥናል፤ ወለሉን ይቈፍራል፤ ወለሉ ሲጠልቅም ሙላቱ ዝቅ ይላል፤ ረግረጉ ይደርቃል፤ የሚታረስ መሬት ይገኛል። ልብ ማለት የሚገባን የወለሉ መጥለቅ ኋላ በስሕተት የመጣ ነገር እንዳልነበረ ነው፤ ከመጀመሪያው የታሰበና የተፈለገ ነበር።

የሥራው ዘዴ በጣም ያስደንቃል። በዚያ ዘመን በእንፋሎት የሚሠራ የመቈፈሪያ መኪና በቦታው አልነበረም። የራይንን የሚያህል ወንዝ የሚይዝ ሰፊ ቦይ በአካፋ ለመቈፈር ደግሞ የአንድ መንግሥት ገንዘብ አይበቃም። ስለዚህ ቱላ በመታጠፊያው አንገት ላይ ሃያ ሜትር ያህል የሚሰፋ መሪ ቦይ ብቻ ያስቈፍራል። ከዚያ ጫፉን ከፍቶ ወንዙን ያስገባዋል። የቀረውን የሚሠራው ወንዙ ነው። መሪው ቦይ ከአሮጌው መታጠፊያ ይልቅ አጭርና ቁልቁለት ስለ ሆነ ውሃው እየሳሳበት ይገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዳሩን እየናደ ወለሉን እየቈፈረ ሁለት መቶና ሁለት መቶ ኀምሳ ሜትር ያሰፋዋል። ወርዱ ከታቀደው ሲደርስ ዳሮቹን በአኻያ ቅርንጫፍ ነዶና በድንጋይ ያስሩታል። አሮጌው መታጠፊያም ቀስ በቀስ በደለል ይሞላል። እንግዲህ ቱላ ወንዙን ያለ ደመወዝ ቀጥሮ አሠርቶታል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ቦዮች በካርልስሩኸ አጠገብ በኤገንሽታይንና በክኒሊንገን መንደሮች ዘንድ በ1817 ተጀመሩ። በዚያው ዓመት ማዶውን ይገዛ ከነበረው ከባቫርያ መንግሥት ጋር ውል ተፈርሞ ነበር። ውሉ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወንዙ ወሰን ስለ ሆነ አንድ መታጠፊያ በተቈረጠ ቍጥር የአንደኛው አገር መሬት ወደ ሌላው ማዶ ይዛወራል። የክኒሊንገን ገበሬዎች ግን ሥራውን ተቃወሙ፤ በኀይል ለማስቆም ስለ ተነሡም መንግሥት ወታደር ላከባቸው። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እነዚህ ገበሬዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ታልፈው ዕውቀት የጐደላቸው ተደርገው ይታያሉ። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም። ቦዩ የሚያልፈው በእርሻቸውና በግጦሻቸው መካከል ነው፤ ከተቈፈረ በኋላም ከመሬታቸው የሚበልጠው ማዶ ሊቀር ነው። የሚድነው አገሩ ነው፤ የሚከፍለው ግን የአንድ መንደር ሰው ነው። ኋላ ሙላቱ ሲቀንስ ብዙዎቹ የራይን ዳር መንደሮች ራሳቸው ቦይ እንዲቈፈርላቸው መለመናቸው እውነት ቢሆንም የመጀመሪያው ቅሬታ ሐሰት ነበር አያሰኝም።

ከታችኛው ወንዝ የመጣው ተቃውሞ ከዚህ የበረታ ነበር። ፕሩሲያና ሆላንድ፦ ላይ ቤት ያሉት ውሃቸውን በፍጥነት ቢሸኙ የሚቀበለው ታች ቤት ያለው ነው ብለው ተከራከሩ። በ1824 መጨረሻ ታላቅ ሙላት ሲደርስ ክርክሩ እየባሰ ሄደ፤ ከታቀዱት ቦዮችም አንዳንዶቹ ሳይቈፈሩ ቀሩ። ቱላ ራሱ የሥራውን ፍጻሜ አላየም። በፊኛ ሕመም ሲሠቃይ ኖሮ ለሕክምና ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1828 በዚያው ሞቶ በሞንማርትር መካነ መቃብር ተቀበረ። ባደን ከፈረንሳይ ጋር ስለ ላይኛው ክፍል የተዋዋለችው ከእርሱ ሞት በኋላ በ1840 ነው። ሥራውን እስከ መጨረሻው ያደረሰው ማክስ ሆንዜል የተባለው መሐንዲስ ሲሆን ያለቀውም በ1876 ነበር።

ከባዝል እስከ ዎርምስ 354 ኪሎ ሜትር የነበረው የወንዙ ርዝመት 273 ሆነ። 81 ኪሎ ሜትር ወንዝ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ይህ ቍጥር በወለሉ ላይ ምን እንደሚያመጣ እንመልከት። በባዝልና በዎርምስ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በግምት 160 ሜትር ነው። ሰው ወንዙን ሊያሳጥር ይችላል፤ የሁለቱን ከተሞች ከፍታ ግን ሊለውጥ አይችልም። ወንዙ 354 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በአንድ ኪሎ ሜትር በአማካይ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርድ ነበር፤ 273 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲጓዝ ግን 59 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከመቶ ሰላሳ ያህል ጨመረ። ይህ አማካይ ነው እንጂ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በመታጠፊያዎቹ ክፍል ርዝመቱ ከመቶ 37 ያህል ሲቀንስ ብዙ ቅርንጫፍ በነበረው በላይኛው ክፍል የቀነሰው ከመቶ 14 ያህል ብቻ ነው። በላይኛው ክፍል ዋናው ነገር ማጠሩ ሳይሆን መጥበቡ ነበር፤ በሦስት ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ተበትኖ የነበረው ውሃ በ200 ሜትር ወርድ ውስጥ ሲሰበሰብ ጥልቀትና ኀይል አገኘ። ቁልቁለትም ቢጨምር፤ ውሃም ቢሰበሰብ፤ ውጤቱ አንድ ነው፤ ወንዙ ከቀድሞው የበለጠ ጠጠር ለመግፋት ይችላል።

ኤሞሪ ሌን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ነገር በሚዛን አምሳል ሊታሰብ በሚችል መንገድ ገልጾታል። በአንደኛው ወገን የውሃው ብዛትና የቁልቁለቱ መጠን አለ፤ በሌላው ወገን ወንዙ የሚሸከመው ጠጠር ብዛትና የጠጠሩ ትልቅነት አለ። ሁለቱ ሲመዛዘኑ ወለሉ ባለበት ይኖራል። ቁልቁለቱን ስንጨምር ሚዛኑ ያዘነብላል፤ ወንዙም የጐደለውን ጠጠር ለመሙላት ከራሱ ወለል እየቈፈረ ይወስዳል። መቈፈሩን የሚያቆመው ቁልቁለቱ ተመልሶ እስኪቀንስ ድረስ ወለሉ ሲወርድ፤ ወይም ሊያነሣው የማይችለው ድንጋይ ሲያጋጥመው ነው። ቍፋሮው ደግሞ በተቃናው ቦታ ብቻ አይወሰንም። በቦዩ ራስ ላይ ያለው ወለል እንደ ደረጃ ስለሚሆን ውሃው ደረጃውን እየበላ ወደ ላይ ይሄዳል። የተቈፈረው ሁሉ ወደ ታች ተወስዶ ቁልቁለቱ በሚለዝብበት ቦታ ይራገፋል። በትምህርት ቤታችን ላይ ያለው ድልድይ የተንጠለጠለው፤ ታች ያለው የገበሬው መስክ በጠጠር የተሸፈነው በዚህ ምክንያት እንደ ነበረ ኋላ ገባን።

ስለ መታጠፊያው ስለ ራሱ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሻይ ሳይጠለል ተቀድቶ በማንኪያ ቢማሰል ቅጠሉ ወደ ዳር የሚበተን ይመስለናል፤ ነገር ግን ከሥር መካከሉ ላይ ይሰበሰባል። አልበርት አይንስታይን በ1926 በጻፈው አጭር ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ከወንዝ መታጠፊያ ጋር አያይዞ አስረድቷል፤ ከእርሱም በፊት ጄምስ ቶምሰን የተባለው መሐንዲስ በ1876 ስለዚሁ ጽፎ ነበር። የላይኛው ውሃ ፈጣን ስለ ሆነ ሲዞር ወደ ውጭ ይወረወራል፤ የታችኛው ወለሉ ስለሚያዘገየው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ሲመለስም ቅጠሉን ይዞ ይሄዳል። በወንዝ መታጠፊያም እንዲሁ ነው። የውጭው ዳር ይጠልቃል፤ የውስጡ ዳር አሸዋና ጠጠር ይከማችበታል። እንግዲህ መታጠፊያ ለጠጠር ማረፊያ ጐተራ ነው ልንል እንችላለን። የመጣው ጠጠር ጥቂት ዘመን ያርፍበታል፤ ኋላም ወንዙ ሲዛወር ይነሣና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መታጠፊያው ሲቈረጥ ጐተራው ይዘጋል፤ መንገዱ ብቻ ይቀራል።

በራይን የደረሰው ይህ ነው። ከባዝል በታች ያለው ወለል መጥለቅ ጀመረ፤ መጥለቁንም ቀጠለ። በራይንቫይለር አካባቢ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ሰባት ሜትር ያህል ወርዷል። በኢሽታይን ደግሞ ወንዙ ጠጠሩን ጠርጎ ሲጨርስ ከሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ወጣና ውሃው በላዩ እየዘለለ የሚወርድበት ለመርከብ አስቸጋሪ ቦታ ሆነ። ቱላ ያላሰበው ድንጋይ ከቈፋሪው ወንዝ ጋር ተገናኘ። ወለሉ ሲወርድ በሜዳው ሥር ያለው ውሃም አብሮት ወረደ። ከብራይዛኽ በላይ በወንዙ ዳር የነበረው እርጥብ ጫካ ሥሩ ውሃ እያጣ ደረቀ፤ ቦታውም ደረቅ ሣርና ቍጥቋጦ የሚበቅልበት መሬት ሆነ። ለዚህ ግን የኋላው ዘመን ሥራ ድርሻ አለበት፤ ፈረንሳይ ከ1928 ጀምሮ በግራው ዳር ሠርታ በ1932 በኬምብስ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ባስመረቀችው ታላቅ የአልዛስ ቦይ ውስጥ የራይን ውሃ ከሚበዛው ከፍሉ እንዲሄድ ስለ ተደረገ በአሮጌው መሄጃ የቀረው ጥቂት ነው። ሁሉን በቱላ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም።

የወለሉ መልክ ከጥልቀቱ ሌላ በሌላ መንገድም ተለወጠ፤ ይህም ለእኛ ከሁሉ የበለጠ አስገራሚ ሆኖ ታይቶናል። ዳሮቹ ቀጥ ብለው ቢሠሩም ወንዙ ቀጥ ብሎ አልሄደም። በሁለቱ ዳሮች መካከል የጠጠር ክምር አንድ ጊዜ በቀኝ፤ ቀጥሎ በግራ፤ እንደገና በቀኝ እየሆነ ተደረደረ፤ ጥልቁ ውሃም በክምሮቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይሄድ ነበር። ክምሮቹ ደግሞ ባሉበት አይቆዩም፤ በየሙላቱ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ስለዚህ የጀልባ ነጂ ባለፈው ዓመት ያወቀው መንገድ በዚህ ዓመት ደለል ሆኖ ያገኘዋል። መታጠፊያው ከመሬት ላይ ቢጠፋ በውሃው ሥር ተደብቆ ተመለሰ። ይህን ለማስተካከል ከ1907 ጀምሮ በማንሃይምና በስትራስቡርግ መካከል ከሁለቱም ዳር ወደ ውስጥ የሚገቡ የድንጋይ ክንዶች ተሠርተው ጥልቁ ውሃ በአንድ ቦታ እንዲረጋ ተደረገ። በዚህም ሥራ የመርከብ መንገድ የታሰበው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በለዘብተኛ አኳኋን እየተጠማዘዘ እንዲሄድ ነበር።

ስለ ወርቅ አጣቢዎቹም እንናገር። በራይን ጠጠር ውስጥ በጣም የደቀቀ ወርቅ ስለሚገኝ በዳሩ የሚኖሩ ድሆች ለብዙ መቶ ዓመታት ጠጠሩን በጣውላ ላይ እያጠቡ ይኖሩበት ነበር፤ ባደንም ከራይን ወርቅ የተሠራ ገንዘብ አሳትማለች። ወርቁ የሚገኘው ወንዙ አሮጌ ጠጠር ንዶ እንደገና በሚያስቀምጥበት ስፍራ ነው። ቦዮቹ ሲቈፈሩ በመጀመሪያ ብዙ አሮጌ ጠጠር ስለ ተገለበጠ አጣቢዎቹ ተጠቀሙ። ኋላ ግን ዳሩ ታስሮ ወንዙ መዛወሩን ሲተው አዲስ የወርቅ ክምችት መፈጠሩ ቀረ፤ በ1870ዎቹም የወርቅ አጣቢነት ሞያ በባደን ጠፋ። እነዚህ ሰዎች ስለ ደለል መጓጓዝ መጽሐፍ አላነበቡም፤ ነገር ግን ወንዙ ጠጠሩን የት እንደሚያስቀምጥ ከመሐንዲሶቹ ይልቅ ቀድመው ያውቁ እንደ ነበረ አንጠራጠርም።

የራይን ነገር የራይን ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ሚሲሲፒን በአጭሩ እንጥቀስ። በአሜሪካ መሐንዲሶች ዘንድ መታጠፊያ መቍረጥ ለረጅም ጊዜ አደገኛ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ከ1927ቱ ታላቅ ሙላት በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠና በጄኔራል ሃርሊ ፈርጉሰን መሪነት ከ1932 እስከ 1942 ድረስ ብዙ መታጠፊያዎች ተቈረጡ፤ የታችኛው ሚሲሲፒም 240 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረ። የሙላቱ ከፍታ ወዲያው ቀነሰ፤ ይህ የታሰበው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወንዙ ዳሩን እየናደ ያጣውን ርዝመት ለማስመለስ ጀመረ። ይህን ለመከልከል በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዳር ላይ የሲሚንቶ ምንጣፍ መዘርጋት አስፈለገ። ራይን ዳሩ በድንጋይ ስለ ታሰረ ወደ ታች ቈፈረ፤ ሚሲሲፒ ዳሩ ጭቃ ስለ ሆነ ወደ ጐን ቈፈረ። ኀይሉ አንድ ነው፤ መውጫው ግን ባገኘው በኩል ነው።

ስለ ታችኛው አገር ሙላት የተነሣው ክርክር በቱላ ዘመን አላበቃም። በ1882 መጨረሻና በ1883 መጀመሪያ ራይን ዳሩን ጥሶ ብዙ ጥፋት ባደረሰ ጊዜ ምክንያቱ መቃናቱ ነው የሚል ጩኸት ተነሥቶ የጀርመን መንግሥት መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። ሆንዜልም በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራውን ተከላከለ። በእኛ አስተያየት ለሁለቱም ወገን የሚሆን ማስረጃ አለ። ሙላት የሚመጣው ከዝናብና ከበረዶ መቅለጥ ነው፤ ያን ቱላ አላመጣውም። ነገር ግን ቀድሞ በሜዳው ላይ ተበትኖ የሚዘገየው ውሃ መዘግየቱን ትቷል። ይህም ኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት ግድቦች ሲሠሩ እጅግ ባሰ። ቀድሞ የኔካር ወንዝ ሙላት ማንሃይም ላይ ደርሶ ካለፈ በኋላ ነበር የራይን ሙላት ከላይ የሚመጣው፤ ራይን ከፈጠነ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊገናኙ ይችላሉ።

ቱላ ተሳስቷል ወይ ተብለን ብንጠየቅ የምንመልሰው እንዲህ ነው። በሒሳቡ አልተሳሳተም። ወለሉ ይጠልቃል አለ፤ ጠለቀ። ሙላቱ ይቀንሳል አለ፤ ባሰበው አገር ቀነሰ። ረግረጉ ደረቀ፤ ወባውም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከዚያ አገር ጠፋ፤ መንደሮች ሳይፈርሱ ቀሩ። የሳተው ወንዙን ሥራ አስጀምሮ መቼ እንደሚያቆም አለመወሰኑ ነው። ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ሰው ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛውን ያሰናብታል፤ ራይን ግን አልተሰናበተም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሜትሮች የቈፈረው ኀይል የቀሩትን አምስት ሜትሮችም ቈፈረ። ይህን ለማየት ደግሞ አንድ የሰው ዕድሜ አይበቃም፤ ቱላ ከሥራው መጀመሪያ በኋላ የኖረው 11 ዓመት ብቻ ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ጊዜ ነበራቸው፤ እነርሱም ግድብ ሠሩ። ከኬምብስ ጀምሮ አንዱ በሌላው ተከትሎ አሥር ግድቦች ተሠሩ፤ የመጨረሻው በኢፈትስሃይም በ1977 ተፈጸመ። ግድብ ከበላዩ ያለውን ቍፋሮ ያስቆማል፤ ነገር ግን የሚመጣውን ጠጠር ሁሉ በሆዱ ያስቀራል። ከግድቡ በታች የሚወጣው ውሃ ባዶውን የሚሄድ ስለ ሆነ የተራበ ነው፤ የሚበላውን ከወለሉ ይፈልጋል። ስለዚህ ቍፋሮው አልቀረም፤ ከአንዱ ግድብ በታች ወደሚቀጥለው ግድብ በታች ተዛወረ እንጂ። ከኢፈትስሃይም በታች ሌላ ግድብ እንዲሠራ ታስቦ ነበር፤ ያ ከተሠራ ግን ከእርሱም በታች ሌላ ማስፈለጉ አይቀርም። በዚህ ምክንያት ሐሳቡ ተለወጠና በ1978 ሌላ ዘዴ ተጀመረ። ሥራቸው የሚከፈት ጀልባዎች ጠጠር ጭነው ከግድቡ በታች ይሄዱና ወንዙ ውስጥ ያራግፉታል። ወንዙም ያን እየወሰደ ወለሉን ይተዋል።

ወደ ላይ በኩል በባዝልና በብራይዛኽ መካከል ደግሞ የባደን ቩርተምበርግ መንግሥት በቀኙ ዳር 90 ሜትር ያህል የሚሰፋ መሬት ዝቅ አድርጎ ቈርጦ ሙላት የሚተኛበት ቦታ ለወንዙ እየመለሰ ነው። በኢፈትስሃይም የሚራገፈው ጠጠር በአማካይ በዓመት ከ150,000 ሜትር ኩብ አያንስም። ጀልባዎቹ ዛሬም ይመላለሳሉ፤ ወንዙ የሚበላው እስካለ ድረስ ማቆሚያ ቀን አልተቈረጠላቸውም።